ከድንጋይ እስከ ድንጋይ

ነቀምቴ ውስጥ ቀነዓ ጃራን በስሙ የሚጠሩት ፖሊስና የጸሎት ቤቱ ጸሐፊ ብቻ ነበሩ። ሌላው ሰው ሁሉ «ሠላሳ» ይለዋል። የከተማው ሾፌር በሙሉ ጠጅ ቤት ቁጭ ብሎ ከጊምቢ እስከ ነቀምቴ እንዴት እንደበረረ ሲፎክር፣ ቀነዓ የዴዴሳን ቁልቁለት ከሠላሳ ኪሎ ሜትር በላይ ወርዶት አያውቅም። «ያንተን መኪና እኮ ኤሊ ትቀድማታለች» ይሉታል። «ኤሊ ገደል ገባች ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?» ይላቸዋል። መልሱ ሁልጊዜ ይህችው ናት።

ፈሪ እንዳይመስላችሁ። ነገሩ የመጣው ከቃል ነው። ረዳቱ ባቻ፣ በዲጋ መንገድ ዳር የሚኖሩት የአዴ ቀለሟ አንድ ልጅ ነበር። ባላቸው ዋጋሪ ከሞተ በኋላ በዚህ ዓለም የቀራቸው እሱ ብቻ ነው። ባቻ ጎርምሶ እርሻ በቃኝ፣ መኪና ላይ ካልወጣሁ ያለ ጊዜ፣ አዴ ቀለሟ ቀነዓን ቤታቸው አስጠሩት። እርጎ አቀረቡለት። ጠጥቶ እስኪጨርስ ጠበቁና፣

«መኪና ስንት ሲሄድ ነው ሰው የማይገድለው?» አሉት።

ቀነዓን በሾፌርነት ዘመኑ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። አሰበበት። ከሚያውቀው መንገድ ሁሉ ክፉው የዴዴሳ ቁልቁለት ነው፤ እዚያ ጭነት ይዞ በሠላሳ የወረደ ሰው፣ የፈለገው መታጠፊያ ላይ መኪናውን ማቆም ይችላል።

«ሠላሳ» አላቸው።

«እንግዲያው ከሠላሳ አታሳልፍብኝ፣ ኢልማ ኮ። ማልልኝ።»

ኢልማ ኮ ሲሉት ልጄ ማለታቸው ነው። ማለላቸው። አዴ ቀለሟ ሠላሳው የምን ሠላሳ እንደሆነ አያውቁም። ቢሆንም መኪናዋ በደጃቸው ባለፈች ቁጥር ከእርሻቸው ቀና ብለው፣ እጃቸውን አንሥተው «ሠላሳ!» ይላሉ። ባቻም ከጭነቱ ላይ ሆኖ «ሠላሳ!» ብሎ ይመልስላቸዋል። የቀነዓ ቅጽል ስም የወጣው ከዚያ ነው።

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ክረምቱ ከወትሮው ከበደ። መንገዱ ጭቃ ብቻ ሆነ፤ መኪናዋ በሆዷ ተኝታ በሬ ተጠምዶ የምትወጣበት ቀን በዛ። ባለንብረቱ ከዚህ ሁሉ ብሎ ከአዲስ አበባ ትልልቅ ጎማ አስመጣ፤ ከፍ ብላ ጭቃውን እንድትሻገር ነው። ጎማውን የገጠመው ባኬ ጃማ ሰፈር ጋራዥ ያለው ወልደዮሐንስ ነበር። ወልደዮሐንስ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ ላይ ወልዶ የከበደ ሰው ነው። በኦሮምኛ ይነግዳል፣ በአማርኛ ይቆጣል፣ በጉራጊኛ ይጸልያል።

«ስማ፣ ሠላሳ» አለው የመጨረሻውን ቡሎን አጥብቆ ሲነሣ። «ትልቅ ጎማ አንዴ ሲዞር ከትንሹ የበለጠ መሬት ይሄዳል። የፍጥነት ቆጣሪው ግን የሚቆጥረው ዙሩን እንጂ መሬቱን አይደለም። ሠላሳ ሲልህ ሠላሳ አምስት ልትሆን ትችላለህ። ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ጥርስ መለወጥ አለበት፤ እሱም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጊዜ ይፈልጋል።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያማ እንለካዋለን። ጣሊያን የተከለው የኪሎ ሜትር ድንጋይ አለልን አይደል? በእውነተኛው ሠላሳ የሚሄድ መኪና ከድንጋይ እስከ ድንጋይ ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል። ቀድመህ ከደረስክ ቆጣሪው አሳንሶ እየነገረህ ነው ማለት ነው። እውነተኛው ሠላሳ የት ላይ እንደሚውል ፈልገን የቆጣሪውን መስተዋት እዚያ ላይ ቀይ ቀለም እንቀባዋለን። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩን ተወውና ቀለሙን እይ።»

ሦስቱ ጋቢና ውስጥ ገብተው፣ ባቻ የቀለሙን ቆርቆሮ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ወደ ዲጋ ወጡ። በዚያ አገር ቀጥ ያለና ሜዳ የሆነ መንገድ ማግኘት ከባድ ነው፤ ያለው አንድ ቦታ፣ አዴ ቀለሟ እርሻ አጠገብ ነው። መጀመሪያው ድንጋይ ላይ ሲደርሱ ወልደዮሐንስ የኪስ ሰዓቱን አውጥቶ «በል!» አለ። ቀነዓ የቆጣሪውን መርፌ ሠላሳ ላይ አድርጎ እንዳትነቃነቅ እግሩን ያዘ። ሁለተኛው ድንጋይ ላይ ሲደርሱ ወልደዮሐንስ ሰዓቱን አየ። ሁለት ደቂቃ፤ ሳይጨምር ሳይቀንስ። ተመልሰው ለኩት። ያው ሁለት ደቂቃ።

ወልደዮሐንስ ሰዓቱን ወደ ጆሮው አስጠጋ።

«ሰዓትህ ታሟል ወይስ አንተ?» አለው ባቻ እየሳቀ። «ቆጣሪው እኮ ልክ ነው!»

«ድንጋይ አይዋሽም» አለ ወልደዮሐንስ በመጨረሻ፤ ግንባሩ ግን አልተፈታም። «ድሮውንም አብዝቶ ይቆጥር ነበር ማለት ነው። ትልቁ ጎማ አስተካከለው። እንዲህም ያጋጥማል።»

ወርደው ትንሽ አረፉ። ባቻ ሁለተኛው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ፈረስ በተረከዙ ጎሰም አደረገውና፣ «ይህ እኮ ዘመዳችን ነው። አባቴ በሕይወቱ ሳለ 'ይህ ድንጋይ እግር አለው' እያለ ያስቀን ነበር» አለ። ሦስቱም ሳቁ። የቀይ ቀለሙ ቆርቆሮ ሳይከፈት ተመለሰ።

ቀነዓ አንድ ነገር ታዝቦ ነበር። ሲመለሱ የመንገዱ ዳር ዛፍ ከወትሮው ፈጠን ብሎ ያለፈ መሰለው። ወንበሩ ከፍ ስላለ ነው ብሎ ተወው።

ከመስቀል በኋላ፣ መንገዱ ገና በደንብ ሳይጠፍፍ፣ ጨው ጭነው ወደ ጊምቢ ተነሡ። የዴዴሳ ቁልቁለት ላይ ሲደርሱ ባቻ እንደ ልማዱ ከጋቢና ወጥቶ የበሩ መርገጫ ላይ ቆመ። በአንድ እጁ በሩን፣ በሌላው ታኮውን ይዟል። ፍሬን እምቢ ካለ ዘሎ ያንን እንጨት ከኋላ ጎማ ሥር ማስገባት የረዳት ሥራ ነው፤ ስንቱ መኪና በዚያ እንጨት ተርፏል። መርፌዋ ሠላሳ ላይ ናት። ቀነዓ አያት። ጆሮው «ፈጥነሃል» አለው። ወገቡም «ፈጥነሃል» አለው። ደግሞ አያት፤ ሠላሳ። ከገዛ ሰውነቱ ይልቅ መርፌዋን አመነ።

መታጠፊያው ላይ የኋላ ጎማ ተንሸራተተ። መኪናዋ ከፍ ብላ ነበርና ሚዛኗን መመለስ አልቻለችም፤ ባቻ በቆመበት በኩል ቀስ ብላ ተኛች። ቀነዓ በመስኮት ወጥቶ ስሙን እየጠራ የጨው ጆንያ ሲያነሣ፣ አህዮቹን ከመንገድ አውጥተው መኪናዋ እስክታልፍ ቆመው የነበሩ አባ ታፋ የሚባሉ ሽማግሌ ሮጠው አገዙት። ሲያገኙት ታኮውን አልለቀቀም ነበር። ትንፋሹ ግን የለም።

ፖሊስ ቀነዓን አስሮ፣ መርምሮ፣ መንገዱ ርጥብ ነበር ብሎ በዋስ ለቀቀው። ያ የመንግሥት ነው። የአገሩ ሕግ ግን ገና አልተነካም። ሰው ሳያስብ ነፍስ ያጠፋ እንደሆነ በሁለቱ ቤቶች መካከል ጉማ ይደረጋል፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ይታረዳል፣ እጅ ይታጠባል፣ የሟች እናትና ገዳይ ከአንድ ገበታ ይቆርሳሉ። ጉማ ደምን ያነጻል። ከጉማው በፊት ግን ዱጋ ይቀድማል፤ ዱጋ፣ እውነት። ሽማግሌ ፊት ሣር ይዞ በሐሰት የማለን ሰው ጉማ ሙሉ በሙሉ አያነጻውም። ደሙ ይታጠብለታል፣ አፉ ግን አይታጠብለትም፤ ከዚያ ወዲያ ምስክር አይሆን፣ ዋስ አይሆን፣ አደራ አይሰጠው። ደግሞስ ሾፌር ያለ አደራ ምንድን ነው? ለእናት የሚላክ ቅቤ፣ ለታማሚ የሚላክ መድኃኒት፣ ለሙሽራ የሚላክ ቃል ሁሉ በቀነዓ እጅ ነበር የሚሄደው።

ሽማግሌዎቹ ቡርቃ ጃቶ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጡ። ሰብሳቢያቸው ኦቦ ጆቴ ነበሩ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ፣ ሰው ግን ጎንበስ ብሎ የሚሰማቸው ሰው። አዴ ቀለሟ ጥቁር ለብሰው ለብቻቸው ፈንጠር ብለው ተቀመጡ። ቀነዓ ርጥብ ሣር ነጭቶ ይዞ ተነሣ።

«በልጃቸው ሞት እኔ አለሁበት፤ መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ግን የሰጠኋቸውን ቃል አልበላሁም። ሠላሳን አላለፍኩም። አምላኬ ዋቀዮ ይፍረድ» ብሎ ማለ።

አባ ታፋ ተጠየቁ። እሳቸውም ሣር ያዙ።

«ያንን መኪና በየሳምንቱ አየዋለሁ» አሉ። «ሲወርድ ድምፁን ከሩቅ እለየዋለሁ። ሌላው ሲመጣ አህያዬን ገደል ድረስ አሸሻለሁ፤ የእሱ ሲመጣ ግን መንገዱ ጠርዝ ላይ ቆሜ አሳልፈው ነበር። ያን ቀን ፈጥኖ ነው የመጣው። ጠላቴ አይደለም፤ ያየሁትን ነው የምናገረው።»

አባ ታፋ በውሸት ታምተው አያውቁም። ቀነዓም እንደዚያው።

«ቀነዓ» አሉ አዴ ቀለሟ ከተቀመጡበት። «ልጄ በመሞቱ ይቅር እልሃለሁ። ሞት ከዋቃ ነው። ፈጥነህ ከሆነ ፈጥኛለሁ በለኝ። ዋሽተኸኝ ግን ይቅር አልልህም።»

«አልዋሸሁም፣ ሀዳ ኮ» አላቸው፤ እናቴ ማለቱ ነው።

ኦቦ ጆቴ ጉባኤውን ለሌላ ቀን አሳደሩት። «ከሁለታችሁ የአንዳችሁ ቃል ልክ አይደለም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና ሄዳችሁ ከራሳችሁ ጋር ተነጋገሩ» አሉ።

መኪናዋ በወልደዮሐንስ እጅ ተጠገነች። ወልደዮሐንስ እንቅልፍ አልነበረውም፤ ያ ሁለት ደቂቃ ከሆዱ አልወጣ ብሏል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቀነዓን «ፍሬኑን እንሞክረው» ብሎ ወደ ዲጋ ይዞት ወጣ። እውነቱን ለመናገር የፈለገው ፍሬኑን አልነበረም። መጀመሪያው ድንጋይ ላይ ሰዓቱን አወጣ። መርፌዋ ሠላሳ። ሁለተኛው ድንጋይ፣ ሁለት ደቂቃ። እንደ በፊቱ ነው። ቀነዓ ግን እንደ በፊቱ አልቆመም። ባቻ ቁጭ ብሎበት የሳቀበትን ድንጋይ ማየት አልቻለም፤ ፊቱን አዙሮ መንዳቱን ቀጠለ። ወልደዮሐንስም ሰዓቱን መመልከቱን ቀጠለ። ሦስተኛው ድንጋይ ሲመጣ ከወንበሩ ዘለለ።

«ቁም! ቁም ብዬሃለሁ!»

«ምን ሆንክ?»

«ይህኛውን ብዙ ቀድመን ደረስን። መርፌዋ ያችው፣ ሰዓቱም ያው፣ መንገዱም ሜዳ። አንደኛው ኪሎ ሜትር ረጅም፣ አንደኛው አጭር ይሆናል እንዴ? ድንጋዩ ነው የዋሸን!»

መኪናዋን አቁመው በእግራቸው ተመለሱ። ሁለተኛውን ድንጋይ አልፈው የመንገዱን ዳር ሣር እየገለጡ ሄዱ። የአዴ ቀለሟን እርሻ ወርድ ያህል እንደሄዱ፣ አጥሩ ሥር፣ ሣር የዋጠው አራት ማዕዘን ጉድጓድ አገኙ። ወልደዮሐንስ ተንበርክኮ ሣሩን ነቀለ። ከሥሩ የጣሊያን ኖራ ነጭ ሆኖ ወጣ። ድንጋዩ ድሮ የተተከለው እዚህ ነው።

ቀነዓ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባው፤ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቁጭ አለ። ቀላድ ጣዮች የመጡበት ዘመን ትዝ አለው። ገመድ ይዘው መሬት እየለኩ ለግብር የሚመዘግቡ ሰዎች መጡ ሲባል፣ በመንገዱ ዳር ያለ ገበሬ ሁሉ፣ ቁጥር የተጻፈበት ድንጋይ ከደጁ የተገኘ ሰው መሬቱ የመንግሥት ሆነ ማለት ነው ብሎ ተሸብሮ ነበር። ማን እንዳስወራው አይታወቅም። የቀነዓ አባት አገር ሰዎች እንዲህ ያለውን ድንጋይ ነቅለው ወንዝ ከተዋል። ዋጋሪ ጨዋ ሰው ስለነበር አልጣለውም፤ ከእርሻው ወሰን አሳልፎ መልሶ ተክሎታል። «ይህ ድንጋይ እግር አለው።» ባቻ መልሱን በአፉ ይዞ ነበር የሳቀው።

ያ ድንጋይ ደግሞ በአንድ ሰው አይነሣም። ዋጋሪ ቤት ያኔ ከሚስቱና ከሕፃኑ በቀር ማንም አልነበረም።

«ነጻ ወጣህ እኮ!» ይላል ወልደዮሐንስ ኖራውን በጣቱ እየፋቀ። «ጎማው አምስት አጎደለ፤ ድንጋዩ ያንኑ ያህል ሸፈነለት። አንተ ሠላሳ አይተሃል፣ አባ ታፋ ሠላሳ አምስት አይተዋል። ማንም አልዋሸም! ነገ ዛሬ ሳንል ለኦቦ ጆቴ እንንገር።»

«ማን ነቀለው ሲሉስ?»

ወልደዮሐንስ እርሻውን አየ፤ ከእርሻው በላይ ያለችውን የሣር ቤት አየ።

«አዴ ቀለሟን፣ ልጅዎን የገደለው የገዛ እጅዎ ነው ልበላቸው?» አለ ቀነዓ። እንባው ሳይታወቀው ወረደ። «አልልም።»

«እንግዲያስ ሐሰተኛ ተብለህ ልትኖር ነው?»

«እሳቸውስ ምን ተብለው ይኑሩ? አፍህን ዝጋልኝ፣ ወልደዮሐንስ። ከኔ ጋር እንጀራ በልተህ እንደሆነ ዝጋልኝ።»

በቀጠሮው ቀን ኦቦ ጆቴ ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቁት። ወልደዮሐንስ ከሰው ኋላ ቆሞ የባርኔጣውን ጫፍ በጥርሱ ያኝካል። ቀነዓ በዚህ ጊዜ ሣር አልያዘም። ምን እንደሚል ስንት ቀን አስቦበታል፤ ውሸት እንዳይሆን፣ እውነቱም ሁሉ እንዳይወጣ።

«አባ ታፋ ያዩት ልክ ነው» አለ። «ፈጥኛለሁ። ጆሮዬ እየነገረኝ ፍሬን አልያዝኩም።»

«የማልከውስ መሐላ?»

«ልክ አልነበረም።»

ሰዉ ተንጫጫ። አባ ታፋ መሬት መሬት አዩ፤ ማሸነፋቸው ደስ አላላቸውም። አዴ ቀለሟ አተኩረው አዩት። የሚፈልጉትን ቃል ሰምተዋል፤ ፊታቸው ላይ ግን እፎይታ የለም።

«ያኔ ለምን ማልክ?» አሉት።

«ያኔ እንዳልፈጠንኩ አምኜ ነበር።»

ሌላ አልጨመረም። ጉማው ተደረገ፣ ታረደ፣ እጅ ታጠበ፣ ከአንድ ገበታ ቆረሱ። ደሙ ነጻ። ኦቦ ጆቴ ሲመርቁ ግን ስለ አፉ አልመረቁትም፤ ሁሉም ሰምቷል።

በሬ በቀንዱ ሰው በአንደበቱ ይያዛል እንደሚባለው ሆነ። ሥራውን ባለንብረቱ አልከለከለውም፤ መንገዱን የሚያውቅ ሾፌር ከየት ይመጣል? ነገር ግን ቅቤ የሚልኩት ሴቶች ቅቤያቸውን ይዘው ወደ ሌላ መኪና ሄዱ። ጸሎት ቤት የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ በሁለቱም በኩል ቦታ ተረፈ። «ሠላሳ» የሚለውም ጠፋ። ድሮ ሲቀልዱበት የማይከፋው ሰው፣ አሁን በስሙ ሲጠሩት ይከፋው ጀመር። መርፌዋ ከሠላሳ ዝቅ ስትል እውነተኛው ሠላሳ እንደሆነ ያውቃል፤ በዚያው ይነዳል። መስተዋቱን ግን ቀለም አልቀባውም። ምልክት ቢያደርግ አዲሱ ረዳት ይህ ምንድን ነው ይለዋል።

አዴ ቀለሟ ደጅ ሲያልፍም ቀና የሚል ሰው የለም።

በጋው ገብቶ መንገዱ አቧራ በሆነበት ሰሞን ነው። ቀነዓ ረዳቱ ታሞበት ብቻውን ወደ ዲጋ ሲነዳ፣ አዴ ቀለሟን መንገድ ዳር ቆመው አያቸው። እጃቸውን አንሥተዋል። አቆመ። ያኔ ነው ያየው፤ አጥራቸው ሥር፣ ጣሊያን በተከለበት ቦታ፣ ድንጋዩ ቆሟል። ዙሪያው ያለው አፈር ገና እርጥብ ነው።

«አካም ቡልቴ፣ ኢልማ ኮ» አሉት፤ እንዴት አደርክ።

ቀነዓ ከድንጋዩ ላይ ዓይኑን አላነሣም።

«ያን ቀን አንተና ወልደዮሐንስ ጉድጓዱን ስትገልጡ ከቤት ሆኜ አየኋችሁ» አሉ። «አንተ ስታለቅስም አየሁ። ሰው ለጉድጓድ ያለቅሳል እንዴ? ከጉማው በኋላም ነገሩ አላስተኛ አለኝ። ጋራዡ ድረስ ሄጄ ወልደዮሐንስን ያዝኩት። እምቢ አለኝ፤ ለመንኩት፤ በልጄ አፈር ስለው ነገረኝ።»

«አዴ ቀለሟ…»

«ቆይ። ዋጋሪ ብቻውን አላነሣውም። በአንዱ በኩል የያዝኩት እኔ ነኝ። መሬታችንን ለልጃችን ስንል ነበር፤ ለባቻ ስንል።» በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ቆዩና ቀጠሉ። «ዛሬ ጠዋት ለኦቦ ጆቴ ነግሬያለሁ። አባ ታፋም ሰምተዋል። አንተም እሳቸውም አልዋሻችሁም። ከሽማግሌዎቹ ሌላ የጎረቤት ወንዶችም ነበሩ፤ ድንጋዩን ያነሡልኝ እነሱ ናቸው።»

«ለምን ተናገሩት? እኔ እሸከመው አልነበረም?»

«ልጄን ወስደህብኛል። አሁን ደግሞ ሸክሜን ልትወስድብኝ ነው?» አሉ። በቁጣ ነበር የተናገሩት፤ ከዚያ ግን እጃቸውን በመስኮቱ አሳልፈው ጉንጩን ነኩት። ሁለቱም አለቀሱ። መንገድ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሞተሩ እየሠራ አለቀሱ።

አዴ ቀለሟ እንባቸውን ጠረጉና ዞረው ድንጋዩን አዩት።

«አሁን ልክ ነው?»

«ልክ ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል አትበለኝ። ለካው።»

በሩን ከፍተው ባቻ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ወጡ። እድሜያቸውን ሙሉ መኪና ሲያልፍ አይተዋል እንጂ ገብተው አያውቁም፤ ወንበሩን በሁለት እጃቸው ያዙ። ቀነዓ ወደ ኋላ ተመልሶ ተንደርድሮ መጣ፤ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ የእጅ ሰዓቱን አየ። መርፌዋን ከሠላሳ ዝቅ አድርጎ እግሩን አጸና። እርሻው አለፈ። ድሮ ባቻ የተቀመጠበት፣ አሁን ባዶ የሆነው የመንገድ ዳር አለፈ። የሚቀጥለው ድንጋይ ጎናቸው ሲደርስ ሰዓቱን ደግሞ አየ።

«ሁለት ደቂቃ» አለ።

«ምን ማለት ነው?»

«ሠላሳ ነው፣ ሀዳ ኮ። እውነተኛው ሠላሳ።»

«የቱ ነው እሱ? አሳየኝ።»

ቀነዓ መርፌዋ የቆመችበትን ቦታ በጣቱ አመለከታቸው። አዴ ቀለሟ ጎንበስ ብለው፣ አፈር የገባበትን የሌባ ጣታቸውን መስተዋቱ ላይ አኖሩ። ጣታቸው ከመኪናዋ ጋር ይንቀጠቀጣል።

«እዚህ ጋ?»

«እዚያ ጋ።»

«ከዚህ አታሳልፍብኝ» አሉት።

ዲጋ እስኪገቡ ድረስ ጣታቸውን ከመስተዋቱ ላይ አላነሡም።